ምሽጉም ቤቱም በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ይቁሙ

የአንድ ሕዝብ ደኅንነት በሁለት ግድግዳዎች ይጠበቃል። አንደኛው በዳር ድንበር ላይ የሚቆመው የመከላከያ ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሠራተኛው ከድካሙ የሚያርፍበት፣ እናት ልጆቿን የምታሳድግበት የመኖሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቢላላ ጠላት ይገባል፤ ሁለተኛው ቢላላ ጠላት ሳይመጣ ሰው በገዛ ጣራው ሥር ያልቃል። ስለሆነም ስለ አንደኛው ሲነገር ሁለተኛውን መርሳት፣ ስለ ሁለተኛውም ሲታቀድ አንደኛውን መዘንጋት ከቶ አይገባም።

አንድ የሕዝብ ተመራጭ ወይም የአስተዳደር ኃላፊ በወልድያ፣ በመርሳ ወይም በሌላው የሀብሩ ቀበሌ ነዋሪውን ሰብስቦ ሪፖርት በሚያቀርብበት ጊዜ ከመድረኩ ሁለት የምሥራቾች ቢሰሙ አዳራሹ ያጨበጭባል። አንደኛው ለአገር መከላከያ የሚመደበው ሀብት አደገ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ቤት ለመሥራት ይጠየቅ የነበረው መመሪያና ቅጽ ተቀነሰ የሚለው ነው። ጭብጨባው መሠረት የለውም አንልም። በጦርነት የተቃጠለ አገር ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰውም በወረቀት ምክንያት በሰው በረንዳ ማደር የለበትም። ነገር ግን ሁለቱ የምሥራቾች የሚመሳሰሉበት አንድ ጠባይ አለ። የመከላከያ ወጪ በምስጢር ስም፣ የግንባታ ሕግ ደግሞ በማቅለል ስም ከሕዝብ ዓይን ሊሰወሩ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ለምሽጉ የሚወጣው ብርም ሆነ ለቤቱ የሚፈሰው አርማታ ጥንካሬ የሚኖረው የሚቆጣጠረው ሕዝብ ሲኖር ብቻ መሆኑን ነው።

የወልድያ ሕዝብ የመከላከያን ትርጉም ከመጽሐፍ አልተማረም። ከተማይቱ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳናና ወደ ወረታ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰው «የቻይና መንገድ» የሚገናኙባት በር ናት። በር የሆነ ቦታ በሰላም ጊዜ ገበያ፣ በጦርነት ጊዜ ግንባር ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማይቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለአራት ወራት ያህል ቆየች። መርሳና የሀብሩ ወረዳም ከዚሁ መከራ አልተረፉም። በእነዚያ ወራት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ ሆስፒታሉ መሣሪያና መድኃኒቱን አጣ፤ ነጋዴው ሱቁን፣ ገበሬው ከብቱንና እህሉን ተነጠቀ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሆኖም ዓመት ሳይሞላው በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተቀሰቀሰው ውጊያ ለሰሜን ወሎ ሕዝብ ሌላ የሥጋት ዘመን አመጣ። በሀብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በሸራና በላስቲክ ሥር ዓመታት አሳልፈዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ «መከላከያ ምን ይሠራል?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «የምንከፍለው ዋጋ በእርግጥ ጥበቃ ሆኖ ይመለስልናልን?» ብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው። ከሀብሩ በስተደቡብ በአምባሰል ምድር፣ በውጫሌ፣ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለአድዋ ጦርነት ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። የዘመቻው ሠራዊትም በጥቅምት 1888 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ ውስጥ በወረኢሉ እንዲከት ታዘዘ። በአድዋ ድሉን ያስገኘው መድፉና ጠመንጃው ብቻ አልነበረም፤ ስንቁን ያዘጋጀ፣ አህያና በቅሎውን የጫነ፣ ልጁን መርቆ የላከ ሕዝብ ነበር። በአንፃሩ ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት አስጎተቱ። የዘመኑ ታላቅ የመከላከያ ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መድፉ ንጉሠ ነገሥቱን አላዳናቸውም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ከመድፉ ኋላ መቆም የነበረበት ሕዝብ በብዛት ከእርሳቸው ርቆ ነበርና። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል። የሚያስተምረውም ሕዝብ ያልደገፈው መሣሪያ የቱን ያህል ቢከብድ ጠባቂ እንደማይሆን ነው።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብም ትምህርቱ አይለወጥም። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲያካሂድ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው ጥሪ ሠራተኛውንና ገበሬውን አንቀሳቅሶ በየካቲት 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል ተገኘ። ወራሪን ለመመከት የቀረበ ጥሪ ስለነበረ ሕዝቡ ሳይሰስት መለሰለት። ዳሩ ግን ለአንድ ክፉ ቀን የተሰማው ጥሪ የዓመታት አመራር ሆኖ ሲቀጥል ሌላው ሁሉ ተረሳ። በ1977 ዓ.ም. አገሪቱ ከሰሐራ በታች ካሉት ታላላቅ ሠራዊቶች አንዱን ይዛ ሳለች፣ ከወልድያ በስተሰሜን በኮረም ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ጠመንጃው በዝቶ ጎተራው ባዶ የሆነበት አገር ድንበሩ ተጠበቀ ቢባል እንኳ ሰዉ አልተጠበቀም።

ወደ አኃዙ እንግባ። በ2015 በጀት ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ካጸደቀው 786.6 ቢሊዮን ብር ውስጥ 84 ቢሊዮን ብር ለመከላከያ ተመደበ። ይህም ከየመቶው ብር 11 ብር ያህል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት ደግሞ ከ801.65 ቢሊዮን ብር ውስጥ ለመከላከያ የተያዘው 50 ቢሊዮን ብር፣ ከየመቶው 6 ብር ያህል ነበር። ለማነጻጸር እንዲረዳ፣ የዓለም ባንክ በግጭት የተጎዱ ክልሎችን ሕዝብ መልሶ ለማቋቋም በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ያጸደቀው የአንድ ታላቅ ፕሮጀክት ገንዘብ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 15 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ይህም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለበርካታ ዓመታት ሥራ የታሰበ ነው። እነዚህን አኃዞች የምንጠቅሰው የወታደሩን ደመወዝና ስንቅ ለመንፈግ አይደለም። በግንባር የሚወድቀው የሠራተኛውና የገበሬው ልጅ ነውና፣ ጫማው፣ ምግቡ፣ ሕክምናውና ለቤተሰቡ የሚደርሰው ጡረታ ሙሉ እንዲሆን እንሻለን። የምንጠቅሰው ብሩ እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ ብዙ ብር ባለበትም ቁጥጥሩ ብዙ መሆን ስላለበት ነው።

ቁጥጥር ሲጠፋ የሚደርሰውን አገሪቱ በዓይኗ አይታለች። በ2002 ዓ.ም. በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ የሚባለው፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን ብቻ ሳይሆን የስኳር ፋብሪካዎችን፣ የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካና የታላቁን የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተረከበ። ዓላማው በራስ እጅ መሥራት ስለነበረ ማንም አገር ወዳድ የሚደግፈው ነበር። ነገር ግን ተቋሙ በወታደራዊ ማዕረግ ተከልሎ ጠያቂ አጣ። ገበሬው የጠበቀው የያዩ ማዳበሪያ ሳይመረት ቀረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከእጁ እንዲወጣ ተወሰነ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ ገለጹ። ግድቡ በሌሎች እጅ ተጠናቆ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚህ የምንረዳው ለመከላከያ የተመደበ ብር ሁሉ መከላከያ ሆኖ እንደማይወጣና፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ብክነት ከሌላው ብክነት የሚለየው ለመጠየቅ አስቸጋሪ በመሆኑ ብቻ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የምሥራች፣ ወደ ግንባታ ሕጎች መቀነስ እንሻገር። በከተሞቻችን ቤት ለመሥራት ያሰበ ሠራተኛ የሚያልፍበትን ውጣ ውረድ የማያውቅ የለም። የይዞታ ካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ በባለሙያ የተነሳ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ከዚያም የመጠቀሚያ ፈቃድ ይጠየቃል። አንዱ ፊርማ ሲገኝ ሌላው ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሌላው ሲገኝ ፋይሉ ጠፍቷል። በዚህ መካከል ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ ብቅ ይላል፤ እጅ መንሻው ይከተላል። ገንዘብ ያለው በአንድ ሳምንት ሲጨርስ የሌለው ዓመት ይመላለሳል። በመጨረሻም ተስፋ የቆረጠው ሰው በሌሊት ቋሚ ተክሎ፣ ማገር አስሮ፣ ቆርቆሮ መትቶ ሲነጋ ባለ ጨረቃ ቤት ይሆናል። የጨረቃ ቤት አባት የነዋሪው ሕግ አለማክበር ብቻ እንዳይመስለን። ቢሮክራሲው የዘጋው የፊት በር ሰውን በጓሮ በር ያስገባዋል።

እንግዲያው ደንቡ ይቀነስ ሲባል «የቱ ደንብ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የሕንፃ ደንብ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው ወረፋውን የሚያስረዝም ነው፤ ሦስት ቢሮ አንድ ዓይነት ወረቀት ሲጠይቅ፣ ቀድሞ የተከፈለ ክፍያ ደግሞ ሲከፈል፣ ለሁለት ክፍል ቤት የፎቅ ያህል ሰነድ ሲታዘዝ የምናየው ነው። ሁለተኛው ሕንፃውን የሚያቆም ነው፤ የመሠረቱን ጥልቀት፣ የፌሮውን ውፍረት፣ የስታፋውን ርቀት፣ የሲሚንቶውንና የአሸዋውን መጠን፣ የጎርፉን መውረጃ የሚወስነው። የመጀመሪያው ቢሰረዝ የሚጎዳው ጉቦ ተቀባዩ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቢሰረዝ የሚጎዳው በቤቱ ውስጥ የሚተኛው ነው።

ይህን ልዩነት ሕጉ ራሱ ከቀድሞ ጀምሮ አውቆታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። በምድብ «ሀ» በዓምዶች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ተመደበ፤ በምድብ «ለ» ከዚያ የሚበልጠው፤ በምድብ «ሐ» ደግሞ ለሕዝብ መገልገያ የሚውለው፣ ፋብሪካውና ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነው ሕንፃ። በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖርም ደነገገ። የምደባው መንፈስ ግልጽ ነው፤ ለትንሹ ቤት ቀላል ሥርዓት፣ ብዙ ሰው ለሚሰበሰብበት ግን ጠንካራ ቁጥጥር። ችግሩ የሚመጣው ሕጉ ወደ መስኮት ሲወርድ ነው። የድሃው ጎጆ በቅጽ ይታነቃል፤ ባለ ብዙ ፎቁ ሕንፃ ግን ከተፈቀደለት ወለል በላይ ሲጨምር «አላየንም» ይባላል። ስለዚህ የማቅለሉ ሥራ መጀመር ያለበት ከታች እንጂ ከላይ አይደለም።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ግምጃ ቤቱ በወታደራዊ ወጪ ሲራቆት፣ የፈረሰውን ቤት በመንግሥት ገንዘብ መልሶ መሥራት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ለአስተዳዳሪው ርካሹ ስጦታ ደንብን ማንሳት ነው። ሲሚንቶ ማከፋፈል ገንዘብ ይጠይቃል፤ መሐንዲስ መቅጠር ደመወዝ ይጠይቃል፤ «እንደ ፍጥርጥራችሁ ሥሩ» ማለት ግን ምንም አይጠይቅም። ሰጪው ሳንቲም ሳያወጣ ይመሰገናል፤ ዋጋውን ከዓመታት በኋላ ተቀባዩ በሕይወቱ ይከፍላል። ሁለቱ የምሥራቾች በምስጢር የሚገናኙት በዚህ ነው። ስለዚህ የደንብ መነሳት የገንዘብ መነፈግ መሸፈኛ እንዳይሆን ሕዝቡ ነቅቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

ይህ ሥጋት ባዶ ግምት አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ሐዘን ይመሰክራል። በቱርክ አገር በ2010 ዓ.ም. ከምርጫ በፊት መንግሥት ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ሕንፃዎች «ምሕረት» አወጀ፤ ባለቤቱ ክፍያ ከፍሎ ሕገ ወጡን ሕንፃ ሕጋዊ ማድረግ ቻለ። መሐንዲሶች አስጠነቀቁ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ምድር ስትንቀጠቀጥ በዚያች አገር ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ሁሉም በምሕረቱ ምክንያት ሞተ አንልም፤ ሆኖም ምድር ለማንም ደረሰኝ ምሕረት እንደማታደርግ ታየ። በባንግላዴሽ ደግሞ በሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የልብስ ስፌት ሠራተኞች፣ አለቁ። የላይኞቹ ወለሎች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። ስንጥቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ በሕንፃው ውስጥ የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ የስፌቶቹ ሠራተኞች ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተገደዱ። ሠራተኛው ከዚህ ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ፤ የሕንፃ ደንብ የሥራ ላይ ደኅንነት ጥያቄ ጭምር ነው።

«እኛ ዘንድ ይህ አይደርስም» የሚል ካለ የገዛ ምድሩን ታሪክ ዘንግቷል። ወልድያም መርሳም የተቆረቆሩት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘቀዝቅበት አፋፍ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈራርሳ ሕዝቧ ሜዳ ላይ ቀረ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ሳይቀር ሰውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሳ። በጦርነቱ በከባድ መሣሪያ የተናወጠ ግድግዳ ሳይመረመር በምርግና በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚገባው ዛሬ ነው።

ከራሳችን ታሪክ ሌላ ትምህርት እንጨምር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ቦታውን የሕዝብ አደረገ፤ የድሃውን ኪራይ ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትን ቤቶች የቀበሌ ማኅበራት እንዲያስተዳድሩ ሰጠ። በባለ ርስት ኪራይ ሲማረር ለኖረው የከተማ ነዋሪ ታላቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ጥቂት ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ አልነበረም፤ ሌላ የጥገና ገንዘብም እንደሚገባው አልተመደበም። ዓመታት ሲያልፉ ጣራው አፈሰሰ፤ ቋሚው በምስጥ ተበላ፤ ተከራዩም በመብቱና በፍርስራሹ መካከል ቀረ። መብት ያለ ገንዘብና ያለ ባለሙያ ሲሰጥ ቤት እንደማይሆን የቀበሌ ቤቶች ምስክር ናቸው። ዛሬም ፈቃድን ማቅለል ያለ ድጋፍ ብቻውን ከተተወ ዕጣው ከዚያ አይለይም።

«ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መሐንዲስ እስኪመጣ ይጠብቅ ወይ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። አይጠብቅ እንላለን። መፍጠን ያለበት ግን መሐንዲሱ ነው፤ መሐንዲሱን ማስቀረት መፍትሔ አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለት ጊዜ የሚሠራ ቤት አንድ ጊዜ ተጠንቅቆ ከሚሠራው ይልቅ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። በወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በዚችው ከተማ በደረጃ መሥራት እንደሚቻል ያሳያል። ለኳስ ተመልካች መቀመጫ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰባት ነፍስ መኖሪያ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ሌላው የሚሰማው መቃወሚያ «የመከላከያ ጉዳይ ምስጢር ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መሣሪያው የት እንደተቀመጠ፣ ጦሩ በየት እንደሚያልፍ ምስጢር መሆን አለበት። የጫማው ዋጋ፣ የነዳጁ ሒሳብ፣ የጨረታው አሸናፊ፣ ለካምፕ ግንባታ የወጣው ሲሚንቶ ግን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ከእነዚህ የሚሰረቅ ብር ጠላትን አያስፈራም፤ ይልቁንም ወታደሩን በባዶ እግሩ ያስቀራል። ስለዚህ የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመከላከያን ወጪ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ዘገባ ለሠራዊቱ ጋሻ እንጂ ጥቃት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከዚህ በመነሳት ሊደረግ የሚገባውን እንጠቁማለን። በመጀመሪያ፣ ለአነስተኛ የመኖሪያ ቤቶች በባለሙያ የተዘጋጁና ለአካባቢው አፈርና የአየር ጠባይ የሚስማሙ ዝግጁ ፕላኖች በየቀበሌው በነፃ ይሰጡ። እንዲህ ያለውን ፕላን የወሰደ ነዋሪ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀጠሮ ፈቃዱን ያግኝ። ሁለተኛ፣ በቅጹ የተረፈው የባለሙያ ጊዜ ወደ ቁጥጥር ይዙር። መሠረቱ ሲቆፈር፣ ብረቱ ታስሮ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት፣ ጣራው ሲገጠም የሕንፃ ሹሙ ሦስት ጊዜ በቦታው ይገኝ። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ልስኑን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ግንበኛው፣ አናጺውና ብረት አሳሪው አጭር ሥልጠና ያግኙ፤ ቤቱን በተግባር የሚያቆመው እጃቸው ነውና። አራተኛ፣ ከ12 ሜትር በላይ ለሚሠሩና ሕዝብ ለሚሰበሰብባቸው ሕንፃዎች አንድም የደኅንነት ደንብ አይነሳ። አምስተኛ፣ የመከላከያ የምሕንድስና ክፍሎችና የግንባታ ድርጅት ሰላም ባለበት ሁሉ በጦርነት የተጎዱ ትምህርት ቤቶችን፣ ጤና ጣቢያዎችንና ድልድዮችን ለመጠገን ቢሰማሩ፣ ለመከላከያ የወጣው ብር በሕዝቡ መንደር ቆሞ ይታያል። ይህም ሲሆን ሒሳቡ እንደማንኛውም ተቋራጭ ተመርምሮ መሆን ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ሐሳብ በመድረክ ላይ ከሚቀር ይልቅ በነዋሪው ጥያቄ ቢደገፍ ነው ፍሬ የሚሰጠው። የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ሪፖርት ሰሚዎች ብቻ መሆናቸው ማብቃት አለበት። ኃላፊው ለመከላከያ የተመደበው ጨመረ ሲል፣ «ለፈረሱት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የተመደበውስ ስንት ነው? የተሠሩትስ የትኞቹ ናቸው?» ተብሎ ይጠየቅ። ደንቡ ተቀነሰ ሲል፣ «የተሰረዘው አንቀጽ ይነበብልን፤ የወረፋ ነው ወይስ የመሠረት?» ይባል። የሕንፃ ሹሙ በዓመቱ ስንት ቤት በቦታው ተገኝቶ እንዳየ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በቤት ሥራ ላይ ያለ የቀን ሠራተኛም ፌሮ ሲጎድል፣ ሲሚንቶ ሲሰረቅ ሲያይ ዝም እንዳይል ማኅበሩ ከኋላው ይቁም፤ እውነት በመናገሩ እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ ቁጥጥር የሚባል ነገር አይኖርም።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በዚሁ በወልድያና በመርሳ ጎዳና ዳር በረሃብ ሲረግፍ፣ የዘመኑ ሹማምንት ችግሩ እንዳይነገር ከለከሉ። ያ ሥርዓት ጦር አላነሰውም ነበር፤ ያነሰው እውነቱን የሚጠይቀው ሕዝብና የሚመልስ ሹም ነበር። በዚያው ዓመት መናጋት የጀመረውም ድንበሩ ከመደፈሩ በፊት እምነቱ ስለተሸረሸረ ነው። ይህን ያሳለፈ አካባቢ ሕዝብ ስለ ምሽጉም ሆነ ስለ ቤቱ ሲጠይቅ እንደ ተቃዋሚ ሊቆጠር አይገባም፤ የሚጠይቅ ሕዝብ የአገር የመጀመሪያው የመከላከያ መስመር ነውና።

ስለዚህ ለሠራዊቱ የሚገባውን እንስጥ፤ የሰጠነውንም እንቁጠር። ወረፋውን እናሳጥር፤ መሠረቱን ግን አናሳጥር። ድንበር የሚጠብቀው ወጣት ግዳጁን ፈጽሞ ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ቀበሌዎች ሲመለስ፣ በጦርነት ያልፈረሰችው እናቱ በተዝረከረከ ግንባታ ፈርሳ እንዳያገኛት ዛሬውኑ በየቀበሌያችን አዳራሽ መጠየቅ እንጀምር።